ማር የነካ አውራ ጣት

በቀኝ እጄ አውራ ጣት ላይ ትንሽ የጥርስ ጠባሳ አለች። ሰው ሲጠይቀኝ እንደ ጠያቂው እመልሳለሁ። ለጎረምሶች «ጅብ ነው፤ ግን ከእኔ ጅቡ የባሰ ተጎዳ» እላለሁ። ለቀበሌ ሰዎች «ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ ነው» እላለሁ። እውነተኛው መልስ ረጅም ነው፤ ባሕርም፣ መርከብም፣ መንግሥታትም አሉበት። ጊዜ ካላችሁ አሁኑኑ ልንገራችሁ። ከሌላችሁም ግድ የለም፤ ጡረተኛ ነኝ፣ እጠብቃችኋለሁ።

ሙሉነህ እባላለሁ። በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባሉ ትምህርት ቤቶች ጂኦግራፊ ሳስተምር ያረጀሁ ሰው ነኝ። ውቅያኖሱን፣ ባሕሩን፣ ሰርጡን፣ ወደቡን ሁሉ አስተምሬአለሁ። ማዕበል እንዴት እንደሚነሣ በጠመኔ ስዬ፣ በእጄ አወዛውዤ፣ በአፌ «ሽሽሽ» ብዬ አስረድቻለሁ። እኔ ራሴ ግን በዓይኔ ያየሁት ትልቁ ውኃ ጣና ነው። እሱንም ባሕር ዳር ሄጄ፣ ሱሪዬን ሰብስቤ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ገብቼ። አንዲት ትንሽ ማዕበል ስትመጣብኝ የሸሸሁትን ሽሽት ባለቤቴ እናኑ እስከ ዛሬ ድረስ እንግዳ በመጣ ቁጥር ከመቀመጫዋ ተነሥታ በተግባር ታሳያለች። እንግዳው ያጨበጭባል። እኔም አብሬ አጨበጭባለሁ፤ በደንብ ነው የምትሠራው።

አሁን ወደ ጠባሳዋ ልምጣ። ወደ አንበሳሜ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ የገጠር ቀበሌ ውስጥ ሳስተምር አንድ ጓደኛ ነበረኝ። ጤፍና ገብስ የሚያርስ፣ ሳቁ ከማዶ የሚሰማ ገበሬ። ሚስቱ በወሊድ ሞተችበት። እሱም ልጁ ትርንጎ ገና ድክ ድክ ማለት ስትጀምር ታሞ ተከተላት። በእኛ አገር ወላጅ ያጣን ልጅ ቤት የሚያስገቡበት የቆየ ወግ አለ፤ የማር ልጅ ይባላል። ሽማግሌ ይሰበሰባል፤ አሳዳጊው አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ ልጁን ያጠባል፤ ይምላል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ልጁ ልጁ ነው። ክርክር የለም።

እኔም በሽማግሌዎች ፊት ጣቴን ነክሬ ወደ ትርንጎ አፍ አስጠጋሁ። ሁሉም የጠበቀው መጥባት ነበር። ትርንጎ ግን ነከሰችኝ። አዲስ የበቀሉ ጥርሶች እንዴት ያለ ስለት እንዳላቸው የሚያውቅ ያውቀዋል። መሐላውን እኩሌታውን በቃል፣ እኩሌታውን በጩኸት ነው የማልኩት። አንዱ ሽማግሌ «ይቺ ልጅ ይዛሃለች፤ አትለቅህም» ብለው ሳቁ።

አልለቀቀችኝም። ቤታችን አደገች፤ ክፍሌ ውስጥ ተቀምጣ ባሕርን ከእኔው ተማረች። ስታድግ ዐረብ አገር ሄዳ ሰው ቤት ሠራች፤ ከስታ ተመለሰች። ደብረ ታቦር መናኸሪያው አጠገብ ትንሽ የልብስ ሱቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። ከዚያ እንደገና ወጣች። በረሃ አቋርጣ ባሕር ዳርቻ መድረሷን ሰማን፤ ከዚያ ወዲህ ድምፅዋ ጠፋ። ለስንት ጊዜ እንደጠፋ አልነግራችሁም። የቆጠረችው እናኑ ናት፤ እኔ መቁጠር ፈርቼ ነበር።

ሌላ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። ቤታችን ውስጥ ኔትወርክ የለም። ስልክ የሚሰማው አጥሩ ጥግ ካለው ድንጋይ ላይ ሲወጡ ብቻ ነው። ስለዚህ የእኔን ስልክ የማይሰማ ጎረቤት የለም። ምስጢር ካለኝ ባጃጅ ተሳፍሬ ሌላ ሰፈር ሄጄ ነው የማወራው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ከጎመኑ ማሳ ዳር ቆሜ ሳለሁ የማላውቀው ረጅም ቁጥር ጠራ። ድንጋዩ ላይ ወጣሁ።

«ሀሎ?»

«አባባ!»

ድንጋዩ ላይ ባልቆም ኖሮ አልወድቅም ነበር። ስለ ቆምኩ ወደቅሁ። ስልኩ ከጎመኑ መሃል «አባባ? አባባ?» ይላል፤ እኔ በአራት እግሬ እፈልገዋለሁ፤ እናኑ ከቤት እየሮጠች «ምን ሆኑ?» ትላለች። ስልኩን ቀድማ ያገኘችው እሷ ናት። ሰማች፤ መሬቱ ላይ ተቀመጠች፤ አለቀሰች። ከዚያ ቀና ብላ «ውጡ ድንጋዩ ላይ፤ እንዳይቋረጥ!» ብላ ስልኩን ሰጠችኝ።

«ልጄ፣ የት ነሽ?»

«ባሕር ላይ ነኝ አባባ። ደህና ነኝ። ጀልባችን ሞተሯ ጠፋና ውኃ ገባባት። አንዲት የንግድ መርከብ ስታልፍ አየችን። መንገዷን ትታ መጣች። በገመድ መሰላል እየሳቡ አወጡን።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። መርከቧ ትልቅ ናት?»

«ከዚያ እስከ ገበያው ድረስ ትሆናለች። ስንዴ ነው የጫነችው። ከእግራችን በታች ያለው ሁሉ ስንዴ ነው። ነፋሱ ሲነሣ አውድማ አውድማ ይሸተኛል።»

እንግዲህ አስተማሪነት ክፉ አመል ነው። «ባሕሩስ እንዴት ነው?» አልኳት።

«አንቱ አይደሉ እንዴ ያስተማሩኝ?»

«ለማመሳከር ነው።»

«ሰማያዊ ነው ብለውን ነበር። ውሸት ነው። ጥቁር ነው።»

ይህን ሁሉ ዓመት በሰማያዊ ጠመኔ ስስል የኖርኩት ሰውዬ፣ ጠመኔው የቀረብኝ ይመስል እጄን በሱሪዬ ጠረግሁ።

«ምግብ ይሰጧችኋል?» አለች እናኑ ከታች ሆና።

«ይሰጡናል። ካፒቴኑ ሽማግሌ ሰው ነው፤ ነጭ ጢም አለው። ዛሬ ጠዋት ለሁላችንም ዳቦ በማር አደለን።»

ደንገጥ አልኩ። «በማር? በእጁ ነው ያጎረሳችሁ?»

«በማንኪያ እየቀባ ነው አባባ።» ሳቋ መጣ፤ ሐሳቤ ወዴት እንደሄደ ገብቷታል። «ደግሞ ማር ሳይሆን ማርማላታ ነው መሰለኝ።»

«ማርማላታ ከሆነ አይቆጠርም» አልኩ። ልቤ ተመለሰ።

«ታዲያ ለምን አትወርጂም? ወደብ የለም?» ብዬ ቀጠልኩ።

«ወደቡማ ይታየናል። የማታ መብራቱን ስናይ ነው የምናድረው። ግን የሚቀበለን የለም።»

ያስረዳችኝን እንደ ገባኝ ልንገራችሁ። የመርከቧ ባንዲራ የአንድ አገር ነው። ባለንብረቱ የሌላ አገር ሰው ነው። ካፒቴኑ የሦስተኛ አገር ነው። ወደቡ የአራተኛ። የወደቡ መንግሥት «እነዚህን ሰዎች ከማውረዴ በፊት ወስዶ የሚያሰፍራቸው መንግሥት ቃሉን ይስጠኝ፤ ባንዲራው የማን ነው? እሱ ይውሰድ» ይላል። የባንዲራው መንግሥት «ባንዲራዬን ሰቀለ እንጂ እኔ ጋ መጥቶ አያውቅም፤ ለወደቡ የቀረበ ይቀበል» ይላል። ለእኔ ነገሩ እንግዳ አልሆነብኝም። ደብረ ታቦር ውስጥ ባጃጅ ገጭቶህ ያውቃል? ባለቤቱ ይፋግ ነው፤ የተከራየው አንበሳሜ ነው፤ የሚነዳው የተከራየው የአክስት ልጅ ነው፤ እሱም «እኔ ዛሬ ብቻ ነው የያዝኩት» ይልሃል። አንተ እግርህን ይዘህ መሃል መንገድ ላይ ተቀምጠህ ሁሉንም በየተራ ታዳምጣለህ።

«አባባ፣ ይስሙኝ» አለች ትርንጎ ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ። «ስልኩ የመርከበኛ ነው። አንድ መንግሥት ብቻ፣ አገራቸው ውስጥ ወላጅ ወይም አሳዳጊ የሌላቸውን እኔ ወስጄ አሰፍራለሁ ብሏል። የሚያውቅሽን ሰው ስጪ ሲሉኝ የአንቱን ቁጥር ሰጠሁ። ከቢሮ ይደውሉልዎታል። ሲጠይቁዎት አደራዎን...»

ተቋረጠ።

አደራዎን ምን? እናኑና እኔ ስንከራከር ብዙም አልቆየን፤ ስልኩ እንደገና ጮኸ። ቀጭን የሴት ድምፅ ነበር።

«አንተ ሙሉነህ ነህ?»

ዘወር ብዬ ከኋላዬ አየሁ። በስሜ የሚጠራ አንድ ጎረምሳ የቆመ መስሎኝ ነው። ከእኔና ከአንዲት ዶሮ በቀር ማንም አልነበረም።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«እኔ አስተርጓሚ ሊያ። እዚህ ኃላፊ አለ፤ እሱ ይጠይቃል፣ እኔ ለአንተ እናገራለሁ። ትርንጎን ታውቃለህ?»

አማርኛዋ ከውጭ አገር ተወልዶ ያደገ ሰው አማርኛ ነበር። ቃላቱ ደህና ናቸው፤ አንቱታው ግን ጉምሩክ ላይ ቀርቶባታል። ይሁን ብዬ ዋጥኩት።

«እንዴታ! አውቃታለሁ።»

«ትርንጎ ለአንተ ምን ናት?»

«ልጄ ናት!»

«አንተ አባቷ ነህ?»

«ነኝ እንጂ!»

«ወደ አገር ብትመጣ ትቀበላታለህ?»

«በእልልታ ነው የምቀበላት!» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ከአጥሩ ማዶ የምትሰማው ጎረቤታችን ነገሩን ሳታውቅ እልልታውን አቀለጠችው። አስተርጓሚዋ አመሰገነችኝና ዘጋች። ከድንጋዩ የወረድኩት እንደ ንጉሥ ነበር። ማታ እራት ላይ ሳይቀር «ነኝ እንጂ!» ያልኩበትን አኳኋን ለእናኑ ደግሜላታለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ትርንጎ ደወለች።

«አባባ፣ ምን ብለው ነው የመለሱት?»

«እውነቱን ነዋ። ልጄ ናት፣ አባቷ ነኝ አልኩ።»

ባሕሩ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁት።

«ትርንጎ?»

«እኔ ወላጅም አሳዳጊም የለኝም ብዬ ነበር። አሁን አባት አላት ተባለ። ከሚወርዱት መሃል አወጡኝ።»

በዚህኛው ጊዜ እንዳልወድቅ አጥሩን ያዝኩ።

«ሌላ መንግሥት እስኪገኝ ባሕር ላይ እቆያለሁ፤ ካልተገኘ ይመልሱኛል» አለች። «ካፒቴኑ የመጨረሻው ሰው ሳይወርድ መርከቧን አላንቀሳቅስም ብሏል፤ ግን እስከ መቼ ይችላል? አሠሪዎቹ በየቀኑ ይጮኹበታል። ለመንኳቸው፤ ነገ ለመጨረሻ ጊዜ ደውለን እንጠይቀዋለን አሉኝ። አባባ፣ ልጄ አይደለችም ይበሉልኝ።»

«እኔ? ያንን በአፌ?»

«በአፍዎ።»

ያኔ ስሸሽገው የነበረው ነገር ወጣ። «ብትመለሺስ? አልጋሽ እንዳለ ነው። እናኑ በየሳምንቱ አንሶላውን ታጥበዋለች።»

«አውቃለሁ» አለች። አለቀሰች። «ግን ራሴንም አውቀዋለሁ አባባ። ከተመለስኩ እንደገና እወጣለሁ። ያን ጊዜ የምታልፍ መርከብ ላትኖር ትችላለች።»

እናኑ በረንዳው ላይ ምስር ትለቅም ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት። ጠጠር ሳይሆን ምስሩን እየለቀመች ስትጥል አየሁ።

ቆይታ «ዝም ካልን ትመጣለች» አለች።

እኔም ያንኑ ሳስብ እንዳልነበርኩ ሁሉ «ምን አልሽ?» አልኳት።

«ነገ ልጄ ናት ብለው ቢደግሙት ይመልሷታል። ያችን በር ከፍታ ትገባለች።» በሩን አየች። እኔም አየሁት። ሁለት ሽማግሌዎች ቁጭ ብለን ባዶ በር ስናይ የሚያየን ሰው ቢኖር እብዶች ናቸው ይል ነበር። ከዚያ እናኑ ሰፌዱን አስቀመጠች። «አይ፤ ይሄ የእኛ ደስታ ነው። እሷን ውኃ ውስጥ የሚመልስ ደስታ ነው። አይደለችም ይበሉ።»

«መሐላዬስ? በሽማግሌ ፊት የማልኩት?»

«መሐላው ምን ነበር? እስኪ ይንገሩኝ።»

ጀመርኩ፤ ጠፋኝ። መንከሷ ብቻ ነው ትዝ የሚለኝ።

«የማሩን ሳህን ይዤ የቆምኩት እኔ ነኝ» አለች። «አንቱ ጣትዎን እያዩ ነበር። ከበላሁት ላበላት፣ ከለበስኩት ላለብሳት፣ በጭንቅ ቀኗ ላልርቃት ብለው ነው የማሉት። አባት ተብዬ ልጠራ የሚል አለበት?»

«የለበትም።»

«እንግዲህ የጭንቅ ቀኗ ነገ ነው።»

ከምሳ በኋላ ልምምድ ጀመርን። ድንጋዩ ላይ ወጣሁ፤ እናኑ ከታች ሆና አስተርጓሚ ሆነች። ከተጋባን ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ አንቱ ሳትለኝ የማታውቀው ሴት ወገቧን ይዛ፣ አንገቷን ሰበቅ አድርጋ «አንተ! ሙሉነህ ነህ?» አለችኝ።

«ነኝ።»

«ጮክ በል! አንተ! ልጅህ ናት?»

«አይ... አይደ...»

«አልሰማሁም! አንተ ሰውዬ፣ እንደገና!»

ደጋግመን ተለማመድን። እኔ ቃሉ አፌ ላይ ሲደርስ ይጠፋብኛል፤ እሷ ግን «አንተ»ዋ እየጠራ፣ እየሰላ ሄደ። በመጨረሻ ልምምዱ ለማን እንደሆነ ጠፋኝ። «ይብቃሽ» ስላት «አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንተ» ብላ ሮጣ ቤት ገባች። በዚያ ጭንቅ ውስጥ የሳቅንበት ሰዓት እሱ ብቻ ነው።

ቀኑ ደረሰ። ጎረቤቱ ሁሉ አጥሩ ዳር ሥራ በዛበት፤ አንዱ ቆርቆሮ ያቃናል፣ አንዷ ያልረጠበ ልብስ ታሰጣለች። ስልኩ ጮኸ። እናኑ እንዳልወድቅ የሱሪዬን ጫፍ ይዛ ከታች ቆመች።

«አንተ ሙሉነህ?» አለች ሊያ።

«አዎ ልጄ።»

«ኃላፊው እንደገና ይጠይቃል። በደንብ መልስ። ትርንጎ ልጅህ ናት?»

አፌን ከፈትኩ። የተለማመድኩት ሁሉ መጣ፤ የዕድሜ ልክ አመሌም አብሮት መጣ።

«አይደለችም ልጄ።»

ወዲያ ማዶ ወረቀት ሲገላበጥ ሰማሁ።

«አልገባኝም» አለች ሊያ። «አይደለችም... ልጄ? ናት ወይስ አይደለችም?»

«ልጄ ያልኩት አንቺን ነው።»

«እኔን?»

«አዎ ልጄ።»

«እኔ ልጅህ አይደለሁም!»

«ነሽ እንጂ ልጄ፤ እንዴት አትሆኚም?»

በባዕድ ቋንቋ ስታወራ ሰማሁ። የወንድ ድምፅ ቆጣ ብሎ መለሰላት። ተመለሰች።

«ኃላፊው ይጠይቃል፤ ዘመዴ ነህ? ዘመዴ ከሆንክ እኔ ማስተርጎም አልችልም። ስልኩን እንዘጋለን ይላል።»

እናኑ ሱሪዬን ስትጎትት ሊወልቅ ነበር። ሁሉ ነገር በአንዲት ቃል ሊበላሽ ነው።

«ቆይ! አትዝጉ! ለዚያ ሰውዬ እሱም ልጄ ነው በዪልኝ!»

«እሱ?»

«ዕድሜው ስንት ነው?»

«እኔ እንጃ፤ ሃምሳ?»

«እንግዲያው ልጄ ነው። ከእኔ ያነሰ ሁሉ ልጄ ነው። ፖሊሱም፣ ባጃጅ ነጂውም፣ ግብር ሰብሳቢውም።»

ከዚያ ሊያ ሳቀች። እንዲያ ያለ ሳቅ ከቢሮ አይወጣም፤ ከቤት የመጣ ሳቅ ነው። «አባቴ እንደዚህ ነበር» አለች። «ለታክሲ ሹፌር፣ ልጄ። ለሐኪሙ፣ ልጄ። ረስቼው ነበር።» ለሰውየው ረጅም ነገር አስረዳችው። እሱም ሳቅ አለ መሰለኝ። ተመለሰችልኝ።

«ኃላፊው ገባው። ልጄ ቃል ብቻ ነው፤ ለሁሉም ሰው የሚባል ነው፤ ምንም ማለት አይደለም ይላል። ትክክል ነው?»

እዩልኝ። በሩ ተከፈተልኝ። አዎ ማለት ብቻ ነው የቀረኝ። እናኑ «አዎ ይበሉ፣ አዎ» ትላለች በአፏ ቅርጽ። ጎረቤቱ ሁሉ በአጥሩ ቀዳዳ ያየኛል። ልላት ነበር። ግን ያች ልጅ በዚያ ጥቁር ውኃ ላይ ቆማ፣ ስጠራት የኖርኩት ቃል ምንም ማለት አይደለም ብዬ ልፈርምባት?

«ለሁሉም እላለሁ» አልኩ። «ምንም ማለት አይደለም ማለት ግን አይደለም። ስሚኝ።» አውራ ጣቴን ወደ ስልኩ አቀረብኩ፤ ድምፅ እንጂ ምስል እንደሌለው ረስቼ። የማሩን ነገር፣ የሽማግሌዎቹን፣ የንክሻውን፣ የመሐላውን፣ አሁን የቆምኩበትን ድንጋይ ሳይቀር ሁሉን ነገርኳት። እናኑ ሱሪዬን ለቀቀችው። ያለቀ መሰላት።

ሊያ ቀስ እያለች፣ እየቆመች ተረጎመች። ማር የሚለውን ቃል በቋንቋቸው ስትደጋግመው ይሰማኛል። ከዚያ የሰውየው ጥያቄ መጣ።

«ይህን ፍርድ ቤት አጽድቆታል?»

«ማር ነው የነበረው፤ ፍርድ ቤት አልነበረም።»

«በሕግ አባቷ ነህ?»

«በሕግ አይደለሁም።»

ወጣ። ከንክሻዋ የበለጠ ያመኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። እኩል ነው ያመመኝ።

«የመጨረሻ ጥያቄ» አለች ሊያ፤ ድምፅዋ ወርዷል። «አንተ ትርንጎ እንድትመለስ ትፈልጋለህ?»

እናኑ ቀና ብላ አየችኝ።

«እፈልጋለሁ» አልኩ። «በጣም እፈልጋለሁ። ነገር ግን ባሕር ውስጥ የገባሁት እኔ አይደለሁም። የምትኖርበትን እሷን ይጠይቋት።»

ሊያ ይህንን ስትተረጉም ሁለት ጊዜ ቆመች። ሰውየው አጭር ነገር ተናገረ። ከዚያ ያልጠበቅሁት መጣ።

«አባባ» አለችኝ። «ውሳኔውን እናሳውቅዎታለን። አሁን... ይውረዱ። ድንጋይ ላይ ነኝ ብለዋል። እንዳይወድቁ።»

አንቱታው ደረሰ። ከየት እንዳገኘችው አላውቅም፤ ከአባቷ ቤት ይሆናል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጥበቃ አልተርክላችሁም፤ ጥበቃ ሲተረክ አያምርም። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ትርንጎ ደወለች። «አባባ፣ እግሬ መሬት ላይ ነው፤ መሬቱ ይወዛወዝብኛል» አለች። የኃላፊው መንግሥት «በሕግ አሳዳጊ የላትም» ብሎ ተቀብሏታል። ካፒቴኑስ? ለቀሩትም ሌላ መንግሥት እስኪገኝ ድረስ ቃሉን ጠብቆ ቆየ፤ የመጨረሻው ሰው ሲወርድ ፊሽካውን ነፍቶ ስንዴውን ይዞ ሄደ። ያን ቀን ጎረቤታችን እልል ያለችው አውቃ ነው።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ እኔ የተለወጥኩት የት ላይ መሰላችሁ? ካርታዬ ላይ ነው። የአገሮችን ድንበር በየቀለሙ ስቀባ ኖሬአለሁ፤ ባሕሩን ግን ከዳር እስከ ዳር በአንድ ቀለም። የማንም አይደለም ብዬ ነበር የማስተምረው። የማንም ባልሆነ ቦታ ላይ የወደቀ ሰው የማን እንደሆነ ግን አንድም ተማሪ ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም።

ዓለም አቀፍ ሕግ አላውቅም። ይህን ያህል ግን ገብቶኛል። ካፒቴኑ የራሱን አድርጓል፤ መንገዱን ትቶ ሰው ከውኃ አውጥቷል። ነጋዴ ነው፤ ከተማ የለው፣ ትምህርት ቤት የለው፣ ሰው የሚያሰፍርበት መሬት የለው። ከዚያ ወዲያ ያለው የመንግሥታት ሥራ ነው። እነሱ በባንዲራና በወደብ ሲከራከሩ እሱን ከነእንግዶቹ ባሕር ላይ ባቆሙት ቁጥር፣ ሌላው ካፒቴን ያንን እያየ ይማራል። ነገ የምትሰምጥ ጀልባ ሲያይ ፊቱን ወደ ሌላ ያዞራል። ስለዚህ ማን ይውሰድ የሚለው ነገር ሰው ውኃ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ማለቅ አለበት። እኛ ዘንድ ሽማግሌው አስቀድሞ ይሰበሰባል፤ ልጁን መሃል አቁሞ የሚከራከር የለም። አንዱ ጣቱን ማር ውስጥ ይነክራል፤ ይነከሳል፤ ያሳድጋል። መንግሥታት ጣት እንዳላቸው አውቃለሁ፤ ሲጠቁሙ አይቻለሁ።

ትርንጎ አሁን በረዶ የሚጥልበት አገር ቋንቋ ትማራለች፤ ዳቦ ቤት ትሠራለች። ስንዴው ተከትሏታል። በሕግ ምኗም እንዳልሆንኩ በየጊዜው አስታውሳታለሁ። «እሺ አባባ» ትለኛለች።

ሊያም ትደውላለች፤ በየእሑዱ፣ አማርኛዋን ለማደስ። አባቷ ከሞተ ወዲህ ልጄ ያላት ሰው እንዳልነበረ ነገረችኝ። አንቱታውን ገና እያደባለቀችው ነው። «አንቱ፣ ደህና ነህ?» ትለኛለች። «ደህና ነን ልጄ» እላታለሁ፤ ሁለቱንም ወክዬ።

ሊያ ለጥምቀት ደብረ ታቦር እመጣለሁ ብላለች። እናኑ ካሁኑ አንድ ገንቦ ማር ከድና ለብቻው አስቀምጣለች፤ ለምን እንደሆነ ብጠይቃት «አንተ ምን አገባህ?» አለችኝ፤ ያ ልምምድ አልለቀቃትም። የኔ ስጋት ሌላ ነው። ትርንጎ ያኔ የነበሯት ጥርሶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ይቺኛዋ አፏ ሙሉ ነው።